እሺ የሚል አንድ ሰው

ሲልቨር ስፕሪንግ
ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ዮሐና፣

እንደምን ሰነበትሽ? አሌክሳንድሪያስ እንዴት ይዞሻል? እኔ ከጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ፤ እሱም ቢሆን ጠዋት ጠዋት ነው የሚያኮርፈኝ።

ደብዳቤሽ ቅዳሜ ደረሰኝ። አርባ ደቂቃ በማትሞላ መንገድ ተራርቀን ደብዳቤ መጻጻፋችን ፖስታ አመላላሹን ሳያስቀው አይቀርም። እኔ ግን ያልኩሽን አልለውጥም። ስልክ ለሰላምታ ነው፣ ትምህርት በወረቀት ነው። ደሴ አስተማሪሽ በነበርኩ ጊዜም ከሰሌዳው ላይ የማይገለብጥ ተማሪ አልወድም ነበር። አንቺ ትገለብጪ ነበር፤ ችግርሽ እየገለበጥሽም ማውራትሽ ነበር።

በሃምሳ ዓመትሽ ኮሌጅ ገብተሽ፣ እስከ ቀትር ሆስፒታል ውስጥ ለምርመራ ደም ስትቀጂ ውለሽ፣ ከሰዓት በኋላ የደቡብ አሜሪካን ታሪክ ልማር ማለትሽ አኩርቶኛል። እኔን መጠየቅሽ ግን ስህተት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ታሪክ ሳስተምር ደቡብ አሜሪካ የመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ነበረች፤ እዚያ ሳንደርስ ሁልጊዜ ሰኔ ይቀድመናል። ስለዚህ ሰኞ ቤተ መጻሕፍት ወርጄ ሦስት መጽሐፍ ተዋስኩ። አሁን እኔም ተማሪ ነኝ።

ፕሮፌሰርሽ አዲስ ነፃ የወጣችን አገር መጀመሪያ የመራ ሰው መርጣችሁ ስለ እሱ ፔፐር ጻፉ ካለች፣ ተማሪው ሁሉ ቦሊቫርን ይመርጣል። አንቺ ወደ ቺሌ ሂጂ። በርናርዶ ኦሂጊንስ የሚባል ሰው አለ። አባቱ ከአየርላንድ የመጣ ትልቅ ሹም ነው፤ ልጁን አጠገቡ አላሳደገውም። ልጁ ከእንግሊዝ አገር ደብዳቤ ይጽፍለት ነበር፤ መልስ ግን አያገኝም። ያ ልጅ አድጎ፣ ተዋግቶ፣ አገሪቱን ስድስት ዓመት መራ። በመጨረሻ ዘመኑን የሚያራዝም ሕገ መንግሥት አወጣና ሰዉ ተቆጣ። በፈረንጆች 1823 ዓ.ም. ጥር ላይ ሳንቲያጎ ተሰብስበው ልቀቅ አሉት። ለቀቀ። እንዴት እንደለቀቀ እኔ አልነግርሽም፤ አንብበሽ ጻፊልኝ።

ሌላውን ጥያቄሽን፣ ከእድሩ ሥራ ለምን አያርፉም ያልሽውን፣ አላየሁትም ብዬ አልፌዋለሁ።

አስተማሪሽ
ኪራኮስ


አሌክሳንድሪያ
ጥቅምት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎና ለማከብርዎ ጋሽ ኪራኮስ፣

ከሰላምታዬ በፊት ይቅርታዬ ይቅደም። ያልጻፍኩት ረስቼ አይደለም። የሥራ ሺፍቴ ተቀያየረብኝ። ደግሞም ጽፌ የቀደድኩት አንድ ደብዳቤ አለ፤ ለእርስዎ አልዋሽም። ጉልበትዎን ያልኩዎትን ቅባት ይቀቡታል ወይስ መስኮት ላይ ተቀምጦ ነው?

ኦሂጊንስን ወደድኩት። አለቃቀቁን ሜትሮ ባቡር ውስጥ ሳነብ ከምወርድበት አንድ ጣቢያ አልፌ ሄድኩ። ሲከራከሩ ከዋሉ በኋላ እለቃለሁ አለ፣ መቀነት የመሰለውን የሥልጣን ምልክቱን ፈታ። ከዚያ ልብሱን ከፍቶ ደረቱን አሳያቸው። የበደልኩት ካለ ይኸው ደረቴ፣ ይበቀለኝ አላቸው። ሰዉ ምን አለ መሰለዎት? በአንተ ላይ ምንም የለንም፣ ኦሂጊንስ ይኑር ብሎ ጮኸ። ይኑር እያለ ግን መልቀቁን ተቀበለው።

ፕሮፌሰራችን "ከወደዱት ለምን ቆይ አላሉትም?" ብላ ጠየቀች። እኔ ዝም ማለት መቼ ይሆንልኛል፣ እጄን አወጣሁ። "በእኛ ዘንድ ቢሆን ሁሉም ሰው 'በፍጹም! እኛ ሞተናል እንዴ?' ብሎ መቀነቱን መልሶ ያስረው ነበር" አልኳት። ተማሪው ሳቀ። አጠገቤ የምትቀመጥ ቦሊቪያዊት ልጅ አለች፤ እሷ ብቻ ሳትስቅ "ከልባቸው ነው?" አለችኝ። እስቲ እርስዎ መልሱላት።

ሌላም የምጽፍልዎ ነበረኝ። ይቆይ።

ልጅዎ
ዮሐና


ሲልቨር ስፕሪንግ
ጥቅምት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ዮሐና፣

"ይቆይ" ብሎ ደብዳቤ መዝጋት የት ተማርሽ? እኔ አላስተማርኩሽም። በይ የሚቆየውን ጻፊልኝ። ቅባቱን እቀባለሁ፤ ሽታው ግን ጎረቤቴን አባሯል።

ለቦሊቪያዊቷ ልጅ ከልባቸው ነው በያት። ማስረጃ ከፈለገች እኔ ቁጭ ብያለሁ። እድራችንን ሃያ አንድ ዓመት በሰብሳቢነት ስመራ በየዓመቱ ኅዳር መጨረሻ፣ ጠቅላላ ጉባኤው ላይ ቆሜ "አሁንስ አውርዱኝ" እላለሁ። በየዓመቱ አዳራሹ በአንድ አፍ "አይሆንም" ይለኛል። አምና እንኳ ወይዘሮ ኢትዮጵያ ተነስታ "ጋሼ ከወረዱ እኔም ከእድሩ እወጣለሁ" ብላ ስታለቅስ አንቺም ነበርሽ። ያ እንባ ከልብ ካልሆነ ከየት ነው?

እድሩ እንዴት እንደተጀመረ ታውቂያለሽ፤ ያኔ ገና ከመጣሽ ሦስት ወርሽ ነበር፣ እኛው ሳሎን ነበር የምትተኚው። አንድ ያገራችን ሰው አርፎ፣ ሬሳውን የሚረከብ ጠፍቶ ስንት ቀን ከረመ። ያን ጊዜ እኔና ባለቤቴ መሰረት፣ ነፍሷን ይማርና፣ አሥራ አንድ ሰው ሰበሰብን። ደንቡን በእጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሁለተኛውን አንቀጽ ዛሬም በቃሌ እለዋለሁ፤ ሀዘን የደረሰበት ቤት ከሁሉ አስቀድሞ ለሰብሳቢው ይደውላል፣ ሰብሳቢው ሳይናገር ማንም ወደ ለቅሶው ቤት አይሄድም። ለምን ብትዪ፣ እዚህ አገር ሰው የእናቱን ሞት ታክሲ እየነዳ በስልክ ሲሰማ አይቻለሁ። መርዶ በሥርዓት ይነገር፣ ሰውም ተሰብስቦ ይሂድ ብዬ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር የጀመረ ሰው እንዲሁ ጥሎት አይሄድም። ኦሂጊንስ ላይ ግን በርቺ፤ ወንበር የወደደ ሰው ሆኖ አላገኘሁትም።

ኪራኮስ


ሲልቨር ስፕሪንግ
ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ዮሐና፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። "ለፔፐሬ ነው" ብለው ያቀረቡልኝን ጥያቄ፣ ቢወርዱ ምን ይሰማዎታል ያሉትን፣ ደጋግሜ አነበብኩት። ሃያ ሁለት ዓመት ፈተና ያረመ ሰው ለፔፐር የሚጠየቅንና ሰው የላከውን ጥያቄ ይለያል።

ማን እንደላከዎ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል። ካልነገሩኝም ጉባኤው እሑድ ኅዳር 29 ነው፤ የሚለኝ ነገር ያለው ሰው እዚያ ቆሞ ይበለኝ።

አክባሪዎ
ኪራኮስ


አሌክሳንድሪያ
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

"ወይዘሮ ዮሐና" አሉኝ። "አክባሪዎ" ብለው ፈረሙ። ምሳ ሰዓቴ ላይ ነበር ያነበብኩት፤ አብራኝ የምትሠራው ልጅ ምን ሆንሽ እስክትለኝ ድረስ አለቀስኩ። ግን እውነትዎን ነው። ተልኬ ነው። ከዚያ በፊት የደበቅኩዎት ግን ይብሳል። አሁን እጽፈዋለሁ፤ ይህን ደግሞ አልቀደውም።

ባለፈው ነሐሴ ጋሽ መርዕድ ያረፉ ዕለት፣ ባለቤታቸው ሙሉዓለም እርስዎን ላለማስቸገር ብላ አስቀድማ ለእድራችን ጸሐፊ ለወንድሜነህ ደወለች ተብሎ ነበር የተነገረዎት። እንደዚያ አልነበረም። ለእርስዎ ነው የደወለችው። ሰባት ጊዜ። አላነሱትም። ደንባችንን ስለምታውቅ ሌላ ሰው ጋ አልደወለችም። ከሆስፒታል ተመልሳ፣ ስካይላይን የሚባለው የምትኖርበት ሕንፃ አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ሳሎኗን ጠርጋ፣ ወንበር ደርድራ እርስዎን ጠበቀች። የሰሙ ጎረቤቶች ነበሩ፤ ሰብሳቢው ሳይናገር ማን ይሂድ? እስከ ማግስቱ ከሰዓት በኋላ ያቺ ሴት ከእነዚያ ወንበሮች ጋር ብቻዋን ነበረች። ወንድሜነህ ለሌላ ጉዳይ ደውሎላት በድምፅዋ ባያውቅ ኖሮ ስንት ቀን እንደምትጠብቅ እንጃ።

እርስዎም ቀብሩ ላይ ቆመው "ደንባችን ይኸው ሠራ" ብለው አመሰገኑን። ሁላችንም አንገታችንን ደፋን። ወንድሜነህን ያስዋሸሁት እኔ ነኝ።

ጋሼ፣ ስልኩ ያን ዕለት ኪስዎ ውስጥ ነበር። ሲጠራ አይሰሙትም፤ አውጥተውም አያዩትም። እኔ ካወቅሁ ቆይቻለሁ። እትዬ መሰረት በሕይወት ሳሉ ስልክዎን የሚያነሱት፣ ማን እንደሆነ የሚነግሩዎት እሳቸው ነበሩ። እሳቸው ካረፉ ወዲህ ያለውን አራት ዓመት እርስዎም እኛም አላየንም አልን። ትምህርት በወረቀት ነው ሲሉኝ ለምን እንዳሉኝ ገብቶኝ ነው እሺ ያልኩት።

ሰዎቹ ቤቴ መጥተው ነበር። አምና ያለቀሰችው ኢትዮጵያ ናት ይዛቸው የመጣችው። "አንቺ ልጁ ነሽ፣ አንቺ ንገሪው፣ አንቺው ተኪው" አሉኝ። እዚያው ቁጭ ብላ ደግሞ ስለ እርስዎ እያወራች አለቀሰች። ሁለቱንም ከልቧ ነው ያደረገችው።

ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበሉኝ እርስዎና እትዬ መሰረት ናችሁ። ሰባት ወር ሳሎናችሁ ውስጥ ተኝቻለሁ፤ እኔ እንዳልነቃ ጠዋት ጠዋት ጫማዎን በእጅዎ ይዘው ነበር የሚወጡት። እንደዚያ ያለ ሰው ፊት ቆሜ ይህን ማለት አልችልም፤ ስለዚህ በፔፐር ተሸሸግሁ። ይቅር ይበሉኝ። መልስ ባይጽፉልኝም ይቅር ይበሉኝ።

ዮሐና


ሲልቨር ስፕሪንግ
ኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ዮሐና፣

መልስ ሳልጽፍልሽ አሥራ ሦስት ቀን ሆነ። መጀመሪያ አንቺን ተቆጣሁ። ቀጥሎ ወንድሜነህን። ሦስተኛው ቀን ላይ የምቆጣው ሰው አለቀብኝና እኔ ቀረሁ።

ረቡዕ ዕለት እስከ ፔንታጎን በሜትሮ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ስካይላይን ሄድኩ። ፎቁን አንቺ ስለጻፍሽልኝ አልጠፋኝም። ሙሉዓለም በሩን ከፈተችልኝ። "ጠበቅኩዎት" ብቻ አለችኝ፤ አፏን አይቼ ነው ያወቅሁት፣ ደግሞም ሌላ ምን ልትለኝ ትችላለች። እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ጉልበትዎ ይጎዳል ብላ ክንዴን ያዘችኝ። መርዕድን አብረን አለቀስን። በነሐሴ ማልቀስ የነበረብኝን በኅዳር አለቀስኩ። ምሳ ሳታበላኝ አልላከችኝም።

ጆሮዬንም ተመርምሬያለሁ። ሐኪሟ ወረቀት ላይ ጽፋ አሳየችኝ፤ ግራው ሄዷል፣ ቀኙም ሊከተለው ጓዙን ጠቅልሏል። መሣሪያ ታዞልኛል፤ ለቀኙ ትንሽ ይረዳል ብላለች፣ ተስፋም አላበዛችልኝም።

የቦሊቪያዊቷን ልጅ ጥያቄ በደንብ ሳላስብበት ነበር የመለስኩልሽ። እኔም በየዓመቱ አውርዱኝ የምለው አይሆንም እንደሚሉኝ አውቄ ነው። እነሱም አይሆንም የሚሉት እኔ እንደማልወርድ አውቀው ነው። ማንም ክፉ አላሰበም። ይሉኝታችን ነው። እንዲህ እየተባባልን ሃያ አንድ ዓመት ሄድን፣ ሙሉዓለም ግን ከወንበሮቿ ጋር ቀረች።

እንግዲህ እሑድ ቆሜ አውርዱኝ እላለሁ። ዘንድሮ የእውነቴን ነው። እነሱ ግን ከአምናው አይለዩትም። ኢትዮጵያ ራሷ፣ ቤትሽ ድረስ የመጣችው፣ ቀድማ "በፍጹም" እንደምትል አልጠራጠርም። ሁለቴ ከተባልኩ እኔም እደክማለሁ። ደካማ ነኝ ዮሐና፣ "አይሆንም" ሲሉኝ ደስ ይለኛል። መሰረት ከሞተች ወዲህ እሱን ያህል የሚያሞቀኝ ነገር የለም።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምንሻለሁ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ እሺ የሚል አንድ ሰው ያስፈልገኛል። አንድ ሰው ካለ ሌላውም ይደፍራል። ያ ሰው አንቺ ሁኚልኝ። ሰው እንደሚያማሽ አውቃለሁ፤ ያስጠጋትን ሰው ከወንበሩ አወረደችው ይሉሻል። ሌላ ሰው ቢለው ግን ተባረርኩ ብዬ እከፋለሁ። አንቺ ብትዪው ልጄ ናት አሳርፊኝ ብያት ነው እላለሁ።

ባትችዪም አልቀየምሽም።

ኪራኮስሽ


አሌክሳንድሪያ
ታኅሣሥ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽዬ፣

እንዴት ነዎት? ሁለት ቀን ሆነ፤ ሳይሰናበቱኝ ነው የወጡት። ወንድሜነህን ብጠይቀው ቤታቸው አድርሻቸዋለሁ ብሎ ሌላ ነገር አልነግርሽም አለኝ። ተቀይመውኝ ይሆን?

እርስዎ እንዳሉት ሆነ። ኢትዮጵያ "በፍጹም!" ስትል ወንበሯ ወደቀ። ከዚያ ሁሉም አይሆንም አለ። ሁለተኛ ሲሉ እርስዎን አየሁዎት፤ ፊትዎ ሊፈካ ሲል አየሁ። ደስ ብሎዎት ነበር፤ እኔ ማን ነኝና ያንን ደስታ የማጠፋው? ልቀመጥ ነበር። ደግሞ ሙሉዓለምን አየኋት፤ ጓንቷን ጭኗ ላይ እያጣጠፈች ወለሉን ታያለች።

እሺ አልኩ። የመጀመሪያውን የሰዉ ጫጫታ ዋጠው፣ ስለዚህ ደገምኩት። "እሺ ጋሼ፣ ይረፉ" አልኩ። ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ከኋላዬ አንዱ "ወይ ጉድ፣ ይቺ ልጅ!" ሲል ሰማሁ። ከዚያ ሙሉዓለም ተነሳችና እሷም እሺ አለች። ቀጥሎ ወንድሜነህ። ሰዉ ማጨብጨብ ሲጀምር ደግሞ ኢትዮጵያ ከሁሉም በላይ አጨበጨበች፤ እያለቀሰች። ስሜ ለሰብሳቢነት ተጠራ፣ እጅ ወጣ፣ ተቆጠረ። ዞር ስል እርስዎ የሉም።

ፔፐሬን አስረክቤአለሁ። ኦሂጊንስ ከለቀቀ በኋላ ፔሩ ሄዶ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖረ፣ ወደ ቺሌ ሊመለስ ሲሰናዳ እዚያው ሞተ ብዬ ጨረስኩት። እሱን ስጽፍ ፈራሁ። እርስዎ የትም አይሄዱብኝም አይደል ጋሼ? እሑድ እሑድ እመጣለሁ። ሰብሳቢ ስለሆንኩ ሳይሆን ስለምወድዎ ነው የምመጣው። አንድ ቃል ይጻፉልኝ፣ ስድብም ቢሆን።

ዮሐና


ሲልቨር ስፕሪንግ
ታኅሣሥ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበርሽው ሰብሳቢያችን፣ ለልጄ ለዮሐና፣

ስድብ የለኝም። አልተቀየምኩም። ወንድሜነህ ቃሉን ጠብቋል፤ አሁን እኔው ልንገርሽ።

እሺ ስትዪ አልሰማሁሽም። አንደኛውንም ሁለተኛውንም አልሰማሁም። የሁሉም ሰው ፊት ከእኔ ላይ ተነስቶ ወደ አንቺ ሲዞር አየሁ፣ ያን ጊዜ አወቅሁ። ቆመሽ ነበር። ልጄ ስለሆንሽ እንዲህ ኮርቼ አላውቅም። ወዲያው ሆዴ ባሰኝና ወጣሁ። ሃያ አንድ ዓመት የሰው ለቅሶ ሳስተባብር ኖሬ የራሴን የት እንደማለቅስ አላውቅም ነበር። መኪና ማቆሚያው ጥግ ቆሜ ጨረስኩት። ወንድሜነህ አጠገቤ ቆመ፣ ሲበቃኝ ወደ ቤት ወሰደኝ። ማክሰኞ እስከ ሦስት ሰዓት ተኛሁ። ከስንት ዓመት በኋላ ማን ይደውልልኝ ይሆን ሳልል ተኛሁ።

የትም አልሄድም። እሑድ ነይ፤ ምሳ እኔ እሠራለሁ፣ አትሳቂ።

አሁን እንደ አባል አንድ ጉዳይ አቀርባለሁ። ሥራሽን በዚህ ጀምሪ። በደንባችን ሁለተኛ አንቀጽ ላይ ጉድለት አግኝቻለሁ። ሀዘን የደረሰበት ቤት ይደውላል ይላል። ስጽፈው መሰረት አጠገቤ ነበረች፣ ስለዚህ ብቻውን የሚኖር ሰው ትዝ አላለኝም። ብቻውን የሚኖር ሰው የሞተ ዕለት ከዚያ ቤት የሚደውል የለም። በእድራችን እንዲህ የምንኖር ዘጠኝ ሰዎች ነን፤ ስማችንን ጽፌ አያይዤልሻለሁ፣ የመጀመሪያው እኔ ነኝ። አንቀጹን እንዴት እንደምታሻሽዪው አንቺና ጉባኤው ታውቃላችሁ፤ እኔ ከእንግዲህ ደንብ አልጽፍም።

እስከዚያው ግን በፖስታው ውስጥ የቤቴን ቁልፍ አድርጌልሻለሁ። በየቀኑ ጠዋት መልእክት እጽፍልሻለሁ። ያልጻፍኩልሽ ቀን አትደውዪ፣ ማንንም አትጠብቂ፣ ነይ። በሩ ትንሽ ያስቸግራል፤ እጀታውን ወደ ላይ ሳብ አድርገሽ ነው የምታዞሪው።

የእድርሽ አባል
ኪራኮስ